እሳት ከመጨመር በፊት ቤት መምረግ

ሰሞኑን ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በአንዱ ተቀምጬ የጎረቤት ጠረጴዛ ጨዋታ ሳልፈልግ ጆሮዬ ገባ። ሦስት ወንድሞች ናቸው። ቀድሞ ቢሆን እንዲህ ባለው ቦታ ጨዋታው ፖለቲካ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ስለ ጋዝና ስለ መብራት ቢል ነበር። አንዱ "የጃንዋሪ ቢሌ የመኪና ክፍያዬን አለፈው" አለ። ሁለተኛው "የእኔስ ምክንያቱ ታውቋል፤ ባለቤቴ ቴርሞስታቱን አትተወውም" አለ። ሦስተኛው ደግሞ እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ "አዲስ ፈርነስ አስገቡና ተገላገሉ" ሲል መድኃኒት አዘዘ። ተነሥቼ ልነግራቸው የፈለግሁት ነገር ነበር፤ ነገር ግን ሰው ምሳውን ሲበላ ማስተማር ነውር ስለሆነ ለመጻፍ ወሰንኩ። ያንን ሦስተኛው ወንድም ያዘዘውን መድኃኒት እኔ ራሴ በውድ ዋጋ ገዝቼ ቀምሼዋለሁና።

የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ማሽኑን ከመቀየራችን በፊት ቤቱን እንምረገው፤ ማሽኑ መቀየር ካለበትም ብርዱ በጠናበት ሌሊት ሳይሆን በደኅናው ቀን፣ ተዘጋጅተንና ተባብረን እንቀይረው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2022 የነበረውን ብርድ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለፈረንጆቹ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ኮሎምበስና አካባቢዋ ከዜሮ ፋራናይት በታች ወረደ፤ ነፋሱ ደግሞ ለብቻው ነበር። እኔ የምኖረው ዌስተርቪል ውስጥ በ1978 በተሠራ ቤት ነው። በዚያ ሌሊት ፈርነሱ ቆመ። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ላይ ናት፤ ልጆቹ ጃኬት ለብሰው አልጋ ውስጥ ገብተዋል፤ ከመንዝ የመጡት እናቴ ደግሞ ሁለት ጋቢ ደርበው ሳሎን ተቀምጠዋል።

ስልክ ደውዬ ያገኘሁት ድርጅት ሰው ላከ። ሰውዬው በባትሪ ለአሥር ደቂቃ ያህል አየና ፈርነሱ እንደሞተ፣ የማቀዝቀዣው ማሽንም አሮጌ ስለሆነ ሁለቱም አብረው መለወጥ እንዳለባቸው ነገረኝ። ዋጋው 13,800 ዶላር። የለኝም ስለው "ችግር የለም" ብሎ ወረቀት አወጣ፦ በወር 219 ዶላር፣ ለ84 ወር። ካፖርቴን እንደለበስኩ ፈረምኩ። በማግሥቱ ሙቀት ሲመጣ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ካልኩሌተር ያነሣሁት ከሳምንት በኋላ ነው። 219 በ84 ሲባዛ 18,396 ዶላር ነው። ወለዱ ብቻ 4,596 ዶላር ሆነ ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ይህም ሆኖ ቢሉ ቢቀንስ ኖሮ ባልተቆጨሁ። በየካቲት የመጣው ቢል ከአምናው እምብዛም አልተለየም። ያን ጊዜ ጥፋተኛ መፈለግ ጀመርኩ። ቴርሞስታቱን ማን ነው ከፍ የሚያደርገው? ልጆቹን ተቆጣሁ፤ ከባለቤቴ ጋር ተጣላሁ። በመጨረሻም፣ ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ቴርሞስታቱ ላይ ቁልፍ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ገዝቼ ገጠምኩ። እናቴ ምንም አላሉም። ከምድጃው አጠገብ ወንበር ስበው ጋቢያቸውን ተከናንበው መቀመጥ ጀመሩ። አገር ቤት ስንት ሰው ያሳደረ ቤት የነበራቸው ሴት፣ በልጃቸው ቤት ሙቀት ለመለመን ተሳቀቁ።

አንድ ማታ ግን ጠሩኝ። "ልጄ፣ ና እስቲ እየው" አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ግድግዳው ላይ ካለው የመብራት ሶኬት አጠገብ ያዙት። ዘርፉ ይወዛወዛል። ኮሪደሩ ላይ ከኮርኒሱ በላይ የሚያስወጣው መዝጊያ ሥር ሄደው ያዙት፤ እዚያም ይወዛወዛል። "በእኛ አገር ብርዱ ሳይመጣ ቤቱ ይመረጋል፣ ክዳኑ ይታደሳል። አንተ እሳቱን ብቻ ትለውጣለህ። ቤትህ እኮ ክፍት ነው" አሉኝ።

መንዝን የሚያውቅ ይህን ንግግር አይንቀውም። ከደብረ ብርሃን አልፎ ያለው ደጋ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነው። ሰዉ ጋዝ የለው፣ መብራት የለው፤ የነበረው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ በጭቃ የተመረገ ቀዳዳ፣ ከጓሳው የታጨደ ሣር የተከደነ ጣሪያና ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ነው። እሳት ውድ እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ መጀመሪያ ሙቀቱ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ይደፍናል። እኛ ግን አሜሪካ ስንመጣ ሙቀት ከግድግዳ ውስጥ በቱቦ ሲመጣ አየንና ነገሩ ሁሉ ማሽን መሰለን።

ከዚያ በኋላ በዚሁ ሙያ የሚሠራ አንድ ወገናችን ቤቱን እንዲያይልኝ ለመንኩት። በመግቢያው በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥሞ አየሩን ወደ ውጭ እየሳበ በየክፍሉ አዞረኝ። ነፋስ የሚገባበት ቦታ ሁሉ በእጅ ይዳሰሳል። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ኢንሱሌሽን ከዘመን ብዛት ተጨቁኖ አራት ኢንች ያህል ቀርቷል። የመውጫው መዝጊያ ባዶ ጣውላ ነው። ቤዝመንቱ ውስጥ የቤቱ እንጨት በግንቡ ላይ የሚያርፍበት ዙሪያ ሁሉ ክፍት ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ አንዱ የሙቀት ቱቦ ከመገጣጠሚያው ተላቆ ማንም በማይቀመጥበት ጥግ ሞቅ ያለ አየር ይተፋ ነበር። በወር 219 ዶላር የምከፍልበት አዲስ ማሽን የሸረሪት ድር እያሞቀ ነበር ማለት ነው።

መድፈኑ፣ ቱቦውን መጠገኑና ከላይ ኢንሱሌሽን መጨመሩ 2,600 ዶላር ፈጀ። በተከታዩ የብርድ ወራት የተጠቀምኩት ጋዝ በአራተኛ ገደማ ቀነሰ። ልብ በሉ፣ የማወዳድረው ዶላሩን ሳይሆን ቢሉ ላይ ሲ.ሲ.ኤፍ. ተብሎ የተጻፈውን የጋዝ መጠን ነው። ዋጋው በየጊዜው ስለሚዋዥቅ ዶላርን ከዶላር ማወዳደር ያሳስታል።

ነገሩ ተአምር አይደለም። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ቀዳዳ ካገኘ ያመልጣል፤ በሄደው ልክ ከታች፣ በቤዝመንቱና በበሩ ሥር ቀዝቃዛው ይገባል። የጎጆ ቤት ጢስ በክዳኑ በኩል እንደሚወጣ ማለት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቀዳዳዎችን በመድፈንና ኢንሱሌሽን በመጨመር ብቻ ከማሞቂያና ከማቀዝቀዣ ወጪ በአማካይ 15 በመቶ ያህል መቆጠብ እንደሚቻል ይገምታል። ኢነርጂ ስታር የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም እንደሚለው ደግሞ በተለመደው ቤት በቱቦ ከሚሄደው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በመገጣጠሚያዎቹ ሾልኮ ይባክናል። ለእኛ አካባቢ ከኮርኒስ በላይ እንዲኖር የሚመከረው ኢንሱሌሽን ከአር-49 እስከ አር-60 ነው። የእኔ አራት ኢንች የዚያን ሩቡን እንኳ በቅጡ አትሞላም ነበር። ኢንሱሌሽን ማለት እንግዲህ ለቤት የሚለበስ ባና ነው።

ታዲያ ፈርነስ አይቀየር ነው የምለው? አይደለም። ሒሳቡ ይሠራ ነው የምለው። ፈርነስ ላይ ኤ.ኤፍ.ዩ.ኢ. የሚባል ቁጥር አለ። 80 ከሆነ፣ ከ100 ዶላር ጋዝ ውስጥ 80ው ቤት ሲገባ 20ው በጭስ ማውጫ ይሄዳል ማለት ነው። በማሞቂያ ብቻ በዓመት 900 ዶላር የሚከፍል ሰው ከ80 ወደ 95 ቢቀይር የሚተርፈው 142 ዶላር ያህል ነው። ደኅና የሚሠራ ባለ 80 ፈርነስ ነቅሎ ለአዲስ 7,000 ዶላር የሚከፍል ሰው ገንዘቡን ለመመለስ ወደ 50 ዓመት ሊጠብቅ ነው። ነገር ግን ፈርነሱ አርጅቶ 60 ላይ ያለ ከሆነ ቁጠባው በዓመት 331 ዶላር ይደርሳል፤ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ማሽኑ ሞቶ መቀየሩ ግድ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው በ80ውና በ95ቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብቻ ነው። ልዩነቱ 1,500 ዶላር ከሆነ በአሥር ዓመት ተኩል ገደማ ይመለሳል፤ ቤቱ ውስጥ ለሚቆይ ሰው ይህ ያዋጣል።

ቤቱን አስቀድሞ የመምረግ ሌላም ጥቅም አለው። የተደፈነ ቤት አነስ ያለ ማሽን ይበቃዋል። ጥሩ ባለሙያ የማሽኑን መጠን የሚወስነው በግምት ወይም አሮጌው ላይ የተጻፈውን በመገልበጥ ሳይሆን፣ መስኮቱን፣ ግድግዳውንና ኢንሱሌሽኑን ለክቶ ማኑዋል ጄ የሚባለውን ስሌት ሠርቶ ነው። ይህን ስሌት ሳያሳይ ዋጋ የሚጽፍ ሰው ሲያጋጥማችሁ ሌላ ሰው ጥሩ። ከመጠን በላይ ትልቅ ማሽን ውድ ነው፤ ቶሎ ቶሎ እየተነሣና እየቆመ ያረጃል፤ በሙቀቱ ወራትም ቤቱን ያቀዘቅዛል እንጂ እርጥበቱን በደንብ አያወጣም።

የማቀዝቀዣውም ነገር እንዲሁ ነው። የቆዩት ማሽኖች የሚሠሩበት አር-22 የተባለው ጋዝ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በአሜሪካ አዲስ መመረቱም ከውጭ መግባቱም ቆሟል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን የሚያፈስ ማሽን በየዓመቱ ጋዝ እያስሞሉ ማቆየት ገንዘብን ማትነን ነው። ማቀዝቀዣው የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ሂት ፓምፕ የሚባለውን ዋጋ አብራችሁ ጠይቁ፤ በሙቀት ጊዜ ያቀዘቅዛል፣ በብርድ ጊዜ ከውጭ አየር ሙቀት ስቦ ያስገባል። በጋዝ ለሚሞቅ ቤት ጥቅሙ እንደ ጋዙና እንደ መብራቱ ዋጋ ይለያያል። ግድግዳው ሥር በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለሚሞቅ ቤት ግን የማሞቂያውን ወጪ በግማሽ ገደማ ሊቀንስ የሚችል ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛን ኦሃዮን ጨምሮ የ13 ግዛቶችን የኤሌክትሪክ ገበያ የሚመራው ፒ.ጄ.ኤም. የኃይል ማመንጫዎች ለመጠባበቂያ የሚከፈላቸውን ዋጋ በጨረታ ይወስናል። ይህ ዋጋ በጁላይ 2024 በተደረገው ጨረታ ለአንድ ሜጋዋት በቀን ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ዘሎ ከጁን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ከምክንያቶቹ አንዱ የዳታ ሴንተሮች መብዛት ነው፤ ከዌስተርቪል ማዶ ኒው አልባኒ የሄደ ሰው ሕንፃዎቹን በዓይኑ አይቷቸዋል። በሌላ በኩል በ2022 የወጣው ሕግ ቤቱን ለሚያሻሽል ሰው ይሰጥ የነበረው 30 በመቶ የግብር ቅናሽ በዲሴምበር 31 ቀን 2025 አብቅቷል። ከዚያ ቀን በፊት ሥራውን አስጨርሶ ቅናሹን ሳይጠይቅ የቀረ ሰው ካለ ደረሰኙን ይዞ የግብር ባለሙያውን ያነጋግር። ከእንግዲህ ግን "የግብር ቅናሽ ታገኛላችሁ" እያለ የሚሸጥ ሰው ሲመጣ በጥንቃቄ ጠይቁት።

ዌስተርቪል ለምንኖር ደግሞ ለብቻ ማወቅ ያለብን ነገር አለ። የከተማችን መብራት የከተማው የራሱ ነው። ስለዚህ በከተማው መብራት የሚጠቀም ቤት በር አንኳኩቶ "ርካሽ የመብራት ኩባንያ እንቀይርልዎ፣ ቢልዎን ያሳዩኝ" የሚል ሰው ቢመጣ፣ የሚቀየር ነገር ስለሌለ ቢሉን አታሳዩት። ክፍያን ከገቢ ጋር የሚያመዛዝነው ፒፕ የተባለው የኦሃዮ ፕሮግራምም ለከተማ መብራት አይሠራም፤ ለኮሎምቢያ ጋዝ ቢል ግን ይሠራል። ሂፕ የተባለው የማሞቂያ ድጎማ ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስፈርት እስከ 175 በመቶ ለሆነ ቤተሰቦች ነው። እስከ 200 በመቶ ለሆኑት ደግሞ ቤትን የመምረጉን ሥራ፣ ማለት ኢንሱሌሽንና መድፈን፣ አንዳንዴም ማሞቂያውን ጭምር በነፃ የሚሠራ የስቴቱ ፕሮግራም አለ። ኮሎምቢያ ጋዝም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ደንበኞቹ ዋርም ቾይስ የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው። በፍራንክሊን ካውንቲ ለሂፕ የሚኬደው ኢምፓክት ኮሚዩኒቲ አክሽን ነው። ተከራይም ማመልከት ይችላል፤ ለቤት ሥራው የአከራዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። መልሱ ስለሚዘገይ ማመልከቻው ብርዱ ሳይገባ ይሞላ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚቀሩ ብዙ አረጋውያን አሉን፤ ይህ እኛን የሚያሳፍር እንጂ እነሱን የሚያስወቅስ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የእኛ ቤት ወጥ ይቁላላበታል፣ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ቡና ይቆላበታል፣ ዕጣን ይጨሳል። የተደፈነ ቤት መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የማብሰያው ማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ይሁን። ጋዝ የሚያነድ ፈርነስ ወይም የውኃ ማሞቂያ ያለው ሰው ቤቱን ካስደፈነ በኋላ ጭሱ በትክክል መውጣቱን ያስፈትሽ፤ በየፎቁም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይስቀል። ሽታም መልክም የሌለው ነገር ነው። ፈርነስ ቆመ ብሎ የጋዝ ምድጃ ከፍቶ ወይም ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ውስጥ ማደር ሕይወት የሚያሳጣ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልመለስ። "ይህን ሁሉ በምን ገንዘብ?" የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እኔም 2,600ውን ያወጣሁት በመከራ ነው። ነገር ግን እኛ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከአገራችን ይዘን መጥተናል፤ ዕቁብ ይባላል። ለመኪና ዕቁብ እንገባለን፤ ለሰርግ፣ አገር ቤት ለመሄድ ዕቁብ እንገባለን። ለምን ለቤታችን አንገባም? አሥራ ሁለት ሰዎች በወር 220 ዶላር ቢያዋጡ ዕጣው 2,640 ዶላር ነው። ይህም እኔ ለወለድ ብቻ በወር ከምከፍለው ጋር የሚቀራረብ ሳይሆን፣ የወር ክፍያዬን የሚያክል ነው። ልዩነቱ የእነሱ በአንድ ዓመት ያልቃል፣ ወለድ የለበትም፤ የእኔ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ፈርነሱ ሊሞት የደረሰበት ወይም አረጋዊና ሕፃን ያለበት ቤት ቅድሚያ ያግኝ። ማኅበርተኞቹ አንድ ባለሙያ አምጥተው አሥራ ሁለቱንም ቤት ያሳዩት፤ ለአሥራ ሁለት ቤት የሚጠየቅ ዋጋ ለአንድ ቤት ከሚጠየቀው የተሻለ መሆኑን ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። ሥራውም ባለሙያዎቹ ብዙ ጥድፊያ በሌለባቸው በስፕሪንግ ወይም በፎል ይደረግ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ።

ዕቁብ ለመግባት የማይችል ሰውም ቢሆን ዛሬውኑ የሚሠራው አለ። የፈርነሱን ማጣሪያ በየጊዜው ይቀይር፤ የበሩን ሥር ይድፈን፤ መስኮቱን በፕላስቲክ ይሸፍን፤ የተላቀቀ ቱቦ ካለ በእጁ እየዳሰሰ ይፈልግ። በፈርነስ የሚሞቅ ቤት ሰው በሌለበት ወይም በተኛበት ስምንት ሰዓት ያህል ቴርሞስታቱን ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት ዝቅ ቢያደርግ በዓመት እስከ 10 በመቶ ሊቆጥብ እንደሚችል የኢነርጂ ሚኒስቴሩ ይናገራል። ለሁሉም ነገር ቢያንስ የሦስት ድርጅቶችን ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቅ። ሳይጠራ በር አንኳኩቶ የመጣ ሻጭ አስፈርሞት ከሆነም እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውሉን በጽሑፍ የመሰረዝ መብት እንዳለው ይወቅ።

ቴርሞስታቱ ላይ የገጠምኩትን ሳጥን ቤቱ በተመረገ ሳምንት ነቅዬ ጣልኩት። እናቴን ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸውም "አንተ ምን ታደርግ፣ ቤቱ ነው" ብለው አለፉኝ። ወንበራቸውን ከምድጃው አጠገብ አንሥተው ወደ መስኮቱ ዳር ወስደውታል፤ አሁን በጃንዋሪም ቢሆን እዚያው ተቀምጠው በረዶውን እያዩ ቡናቸውን ይጠጣሉ።

እነዚያ ሦስት ወንድሞች ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁት፣ በተለይ አንተ ሁለተኛው፣ ከባለቤትህ ጋር ከመጣላትህ በፊት የጋቢህን ጫፍ ይዘህ ቤትህን አንድ ጊዜ ዙር። የሚወዛወዝበትን ቦታ መጀመሪያ ድፈን።

ቸር ያሰማን።